ሞገዱን ቡናው ስር ገብተን እንለካው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጅ። እኔ ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ ሱቅ ይዤ ሞባይል የምጠግን ሰው ነኝ፣ ጋዜጣችሁን ከጎኔ ያለው ፀጉር ቤት ስለሚገዛ ተቀባብለን ነው የምናነበው። ስለ ዲጂታል ኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ ትጽፋላችሁ፣ ስለ ቴሌብር፣ ስለ 5ጂ፣ አፕ ስለሚሰሩ ወጣቶች፣ እሰየው ነው። ግን ይሄ ሁሉ ነገር ተጭኖ የሚሄደው በሬዲዮ ሞገድ ነው፣ እና ሞገዱ እኛ አገር ዛፍ ስር፣ እኛ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን ቁጭ ብሎ የሚለካ የሚያጠና ቤተ ሙከራ እንደሚያስፈልገን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ለዛ ነው ልጻፍ ብዬ የተነሳሁት፣ ከረዘመባችሁ ይቅርታ፣ ነገሩ ሆዴ ውስጥ ብዙ ስለቆየ ነው።

የምለው ይሄ ነው። ጅማ ላይ የዋየርለስ (የገመድ አልባ) እና የሞባይል ኮሙኒኬሽን የምርምር ላብ፣ ማለትም ቤተ ሙከራ፣ ይጠናከር፣ ሲጠናከር ደግሞ አራት ግድግዳ ውስጥ አይቅር፣ ተማሪዎቹ መሳሪያቸውን ይዘው በጅማ ዞን ማና፣ ጎማ፣ ጌራ፣ ደዶ ወረዳዎች ቡና ውስጥ ይግቡ፣ ይለኩ፣ የለኩትንም ለሁሉም ክፍት ያድርጉት።

ለምን እንዲህ እንደምል ከአንድ አባት ልጀምር። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከማና ወረዳዋ ከየቡ ከተማ አለፍ ብሎ ካለ ገጠር አንድ አባት ስልካቸውን ይዘው መጡ፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፣ «ልጄ ይሄ ስልክ ቤት ስገባ ይሞትብኛል» አሉኝ። ከፈትኩት፣ የአንቴናው ንክኪ በእርጥበት ትንሽ ዝጎ ነበር፣ በአልኮል አጠብኩት፣ ገጠምኩት፣ ሱቄ ውስጥ መስመሩ ሙሉ ነው። ሄዱ። በሳምንቱ ተመለሱ፣ አሁንም ይሞታል። አንቴናውን ቀየርኩላቸው፣ ሙሉ ነው፣ ሄዱ። ለሶስተኛ ጊዜ ሲመጡ አፈርኩ፣ ሰውየው እኮ በየጊዜው ትራንስፖርት ከፍለው፣ የሥራ ቀናቸውን አቃጥለው ነው የሚመጡት፣ ያውም ቡና በሚለቀምበት ሰዓት። «አባባ ሰንበት ላይ እኔ ራሴ እመጣለሁ፣ ችግሩ ስልኩ ላይ አይመስለኝም» አልኳቸው።

እሁድ ሄድኩ፣ እስከ የቡ በሚኒባስ፣ ከዛ በባጃጅ፣ ከዛ በእግር። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከጀርባው ኮረብታ አለ፣ ግቢውን ደግሞ ቡናውና የቡናው ጥላ ዛፎች ከበውታል፣ ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብርብራ። ገና እንደገባሁ ያየሁት ነገር መስኮቱ አጠገብ ያለ ምስማር ነው፣ ምስማሩ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል፣ ፌስታሉ ውስጥ ስልኩ አለ። «እዚህ ሲሆን አንዳንዴ ይጠራል» አሉኝ። ያንን ምስማር ለማግኘት ስልኩን እየያዙ ግድግዳውን በሙሉ እንደዞሩ፣ ሶስት ቦታ ሞክረው ሁለቱን ምስማር እንደነቀሉ አሳዩኝ፣ ቀዳዳዎቹ እስካሁን አሉ። ቆሜ ሳየው የሆነ ነገር ተሰማኝ። እኚህ አባት ፊደል ሳይቆጥሩ ልኬት ነው የሰሩት፣ የሚያግዛቸው ሰው ግን የለም።

እኔም ስማርት ስልኬን አውጥቼ ለካሁ። ይሄን ማንም ሰው ማየት ይችላል፣ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ አባውት ፎን ከሚለው ገብታችሁ ሲም ስታተስ ጋ የሲግናል ጉልበት በቁጥር ይወጣል፣ ዲቢኤም ይባላል፣ ሁሌም ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለው፣ ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ሲግናሉ ደካማ ነው ማለት ነው። መግቢያው በር ላይ ሲቀነስ 97፣ ቡናው ስር 108፣ ቤት ውስጥ መሃል ላይ 117፣ ምስማሩ ጋ 111። ለማያውቅ ሰው የቁጥሮቹ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፣ ግን ይሄ መለኪያ እንደ ኪሎ አይደለም፣ በየ10ሩ ጉልበቱ አስር እጥፍ ነው የሚወርደው፣ በየ3ቱ ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ከበሩ እስከ ቤቱ መሃል፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ ሲግናሉ መቶ እጥፍ ቀንሷል ማለት ነው። ምስማሩ ከቤቱ መሃል በአራት እጥፍ ይሻላል፣ አባባ ልክ ነበሩ። ቡና እየጠጣን እያለ ዝናብ መጣ፣ ካባራ በኋላ ቡናው ስር ተመልሼ ስለካው 112 ሆኖ ጠበቀኝ። አንድ ቀን ነው፣ አንድ ስልክ ነው፣ ከዚህ ተነስቼ ሕግ አላወጣም፣ ግን ጥያቄው ከዛ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም፣ ሐምሌ ላይ ቢሆንስ? ጌራ ጫካ ውስጥ ቢሆንስ? ዘንድሮ ጥላው ቢገረዝስ?

ምክንያቱ በመርህ ደረጃ የታወቀ ነው። ስልክ የሚጠቀምበት የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ (ሜጋኸርዝ የሞገዱ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ መለኪያ ነው) ርዝመቱ ወደ 33 ሳንቲሜትር ነው፣ የ1800ው ወደ 17፣ የ2100ው ወደ 14። ሞገዱ እያጠረ በሄደ ቁጥር ቅጠልና ቅርንጫፍ የበለጠ ያስቸግረዋል፣ ቅጠሉ ውሃ ሲይዝ ደግሞ ይመጠዋል ይበትነዋል። ክፍት ሜዳ ላይ እንኳን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዴሲቤል ይጠፋል (ያው ከላይ ያልኩት አይነት መለኪያ ነው፣ 6 ማለት ጉልበቱ አራት እጥፍ ወረደ ማለት ነው)፣ ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ሲሆንም እንደዛው ሌላ 6። ቆርቆሮ ብረት ነው፣ ሞገዱን አያሳልፈውም ይመልሰዋል፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚገባው በበር፣ በመስኮት፣ በጭቃው ግድግዳ እየተለመነ ነው። ጭቃውስ ምን ያህል ያስቀራል? ጭድ የበዛበትና ያነሰበት፣ የደረቀና ክረምት ላይ የራሰ ልዩነት አለው ወይ? ለሲሚንቶና ለመስታወት የተሰራ ሰንጠረዥ መጽሐፍ ላይ ሞልቷል። እኛ ግን የምንኖረው ጭቃና ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

አሁን ይሄን የምለው ከሱቅ ወንበር ላይ ብቻ አይደለም። ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ለአንድ ኮንትራክተር ድራይቭ ቴስት እሰራ ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፣ መኪና ውስጥ ከኋላ ትቀመጣለህ፣ ጉልበትህ ላይ ላፕቶፕ አለ፣ ከላፕቶፑ ጋር ስልኮች በኬብል ታስረዋል፣ ጂፒኤስ ጣሪያው ላይ ተለጥፏል፣ መኪናው ሲሄድ ስልኮቹ እየደወሉ እየዘጉ እየደወሉ እየዘጉ ይሄዳሉ፣ ስክሪኑ ላይ በየመንገዱ ነጥብ ይጣላል፣ አረንጓዴ ጥሩ፣ ቢጫ መካከለኛ፣ ቀይ መጥፎ። ማታ ላይ ካርታው ይወጣና ሪፖርት ይሆናል። ሥራው ጥሩ ነው፣ ብዙ ተምሬበታለሁ። ግን መኪና መንገድ ላይ ነው የሚሄደው። መኪና የማይገባበት ሁሉ ካርታው ላይ ነጭ ነው፣ ቀይ እንኳን አይደለም፣ ባዶ ነው። ከጅማ አጋሮ አስፋልቱን ተከትለህ ስትሄድ ካርታህ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ግማሽ ሰዓት በእግር የሚኖረው ገበሬ ግን ሪፖርቱ ውስጥ የለም። አባባ ያሉት እዛ ነጩ ቦታ ላይ ነው።

እንግዲህ ኩባንያ የራሱን ደንበኛና የራሱን መንገድ ይለካል፣ አይፈረድበትም። ነጩን ቦታ መለካት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው፣ የተማሪ እግር ነው የሚያስፈልገው።

ታናሽ ወንድሜ ኮሙኒኬሽን ኢንጂነሪንግ ነው የተመረቀው፣ ከጅማ ራቅ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው ስሙን አልጠራም። የመመረቂያ ፕሮጀክቱ የኔትወርክ ፕላኒንግ ነበር። ማትላብ የሚባል የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ተቀምጦ ሌሊቱን ሙሉ ሲሰራ አየዋለሁ፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግራፎቹ ያምራሉ፣ ኦኩሙራ ሃታ የሚባል ፎርሙላ ውስጥ ፍሪኩዌንሲ፣ የታወር ቁመት፣ ርቀት ያስገባና ሲግናሉ እዚህ ድረስ ይደርሳል ይላል። «ይሄ ፎርሙላ ከየት መጣ?» ብዬ ጠየቅኩት። ኦኩሙራ የሚባል ጃፓናዊ መሐንዲስ ከባልደረቦቹ ጋር ቶኪዮና አካባቢዋ ላይ በመኪና እየዞረ ለክቶ እ.ኤ.አ በ1968 ግራፎቹን አወጣ፣ በ1980 ደግሞ ሃታ የሚባል ሌላ ጃፓናዊ ግራፎቹን ወደ ፎርሙላ ቀየራቸው። ፎርሙላው ከ150 እስከ 1500 ሜጋኸርዝ፣ ከ1 እስከ 20 ኪሎሜትር ነው የሚሰራው። ከተማ፣ የከተማ ዳርቻ፣ ገላጣ ሜዳ የሚል ምርጫ አለው። ወንድሜ የእኛን አካባቢ ሲያስገባ የትኛውን እንደመረጠ ጠየቅኩት፣ ገላጣ ሜዳ አለኝ። የቡና ጫካ ገላጣ ሜዳ ሆነ! ልጁ ምን ያድርግ፣ ሌላ ምርጫ የለማ።

ፎርሙላውን አላጣጣልኩም፣ ዓለም በሙሉ ተጠቅሞበታል፣ ስልክ የሚባለው ነገር እዚህ የደረሰው እንደዚህ ባሉ ሰዎች ልፋት ነው። ግን አስተውሉ፣ ጃፓኖቹ ምንድነው ያደረጉት? የሰው አገር ቁጥር አልተዋሱም፣ መሳሪያቸውን ጭነው የራሳቸውን መንገድ ዞሩ። እኛ ውጤቱን ወሰድን እንጂ አሰራሩን አልወሰድንም።

ወንድሜን በጣም ያሳዘነው ግን ሌላ ነው። እዛ የተማረበት ቦታ ስፔክትረም አናላይዘር ነበር፣ የትኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ምን ያህል ሲግናል እንዳለ የሚያሳይ መሳሪያ ነው፣ ውድ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ነበር። አምስት ዓመት ሲማር ካርቶኑን በመስታወት አየው እንጂ መሳሪያውን አልነካውም፣ ምክንያቱም በሞዴል 22፣ በንብረት ወጪ ቅጹ፣ የፈረመበት ሰው ቢበላሽ እኔ ነኝ የምጠየቀው ብሎ ይፈራል። ሰውየውም እውነቱን ነው፣ ከደመወዙ ሊቆረጥበት ይችላል። እንዲህ ሆኖ መሳሪያው ሳይሰራ ያረጃል፣ ተማሪው ሳይነካ ይመረቃል፣ ሁለቱም ይባክናሉ። ይሄ የአንድ ሰው ጥፋት አይመስለኝም፣ የንብረት አያያዛችን መሳሪያን ከተማሪ ለመጠበቅ የተሰራ ነው። ለማስተማሪያና ለምርምር የተገዛ ዕቃ ሲሰራ ቢበላሽ የተለመደ ወጪ ነው ተብሎ የሚመዘገብበት አሰራር ካልመጣ የትኛውም ላብ ላብ አይሆንም፣ መጋዘን ነው የሚሆነው። ይሄን ትምህርት ሚኒስቴርም፣ የየዩኒቨርሲቲው ቦርድም፣ ኦዲተሮቹም አንድ ላይ ተቀምጠው እንዲያዩት ከልቤ እለምናለሁ።

ጅማ ላይ ለምን አልኩ? አገሬ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሰረት ጀምሮ የሚታወቅበት ነገር ማህበረሰብ ተኮር ትምህርት ነው፣ መሪ ቃሉ እንኳን በማህበረሰቡ ውስጥ ነን የሚል ነው። የጤና ተማሪዎች በቡድን ሆነው አጋሮ፣ ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሸቤ ወርደው ሲሰሩ እኛ የጅማ ልጆች እያየን ነው ያደግነው፣ ነጭ ጋዋን ለብሰው ቤት ለቤት ሲጠይቁ፣ ሽንት ቤት ሲቆጥሩ፣ የጉድጓድ ውሃ ሲመረምሩ። እናቴ ቤት ሁለት ጊዜ መጥተው ቡና ጠጥተው ሄደዋል። ሐኪሙ በሽታውን ያለበት ድረስ ሄዶ እንዲያየው የሚያስገድድ ባህል እዚህ ከተማ ውስጥ ለዘመናት አለ። ታዲያ ያንን ባህል የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ካለበት ከኪቶ ፉርዲሳ ለሚወጣ የሬዲዮ ተማሪ ብናውለውስ? ነጭ ጋዋኑ ቀርቶ አንቴና ይያዝ፣ ሽንት ቤት መቁጠሩ ቀርቶ ዲቢኤም ይመዝግብ፣ መንገዱ የተጠረገ ነው እኮ።

መሬቱ ደግሞ ተመልከቱት። ከጅማ ተነስተህ በአንድ ቀን ውስጥ የጊቤን ሸለቆ፣ የደዶን ከፍታ፣ የቦዬን ረግረግ፣ የጌራን ደን ታገኛለህ። ክረምቱ ረጅም ነው፣ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። ሞገድ ሊፈተንበት የሚችል ነገር በሙሉ አንድ ዞን ውስጥ ተሰብስቧል። ከተማው ራሱ ላይ ደግሞ ሐሙስ ገበያ አለ፣ መርካቶ ሲሞላ ሰው በሙሉ በአንዴ ሲደውል በአንዴ ሲከፍል ስልኩ መስመሩ ሙሉ እያሳየ ኮኔክሽኑ ይቆማል፣ ይሄ የሲግናል ጉልበት ሳይሆን የመጨናነቅ ችግር ነው፣ ሁለቱን ለይቶ የሚለካ ያስፈልጋል። እኔ ሱቅ ሐሙስ ሐሙስ «ስልኬን ሰራልኝ» ብሎ የሚመጣው ሰው ግማሹ ምንም ያልሆነ ስልክ ይዞ ነው፣ አንድም ብር ሳልቀበል ነው የምመልሳቸው።

ዩኒቨርሲቲ ይሄን ሊሰራ አይችልም የሚል ካለ የሃዋይን ታሪክ ላስታውስ። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ደሴት ላይ ነው፣ ቅርንጫፎቹ ሌሎች ደሴቶች ላይ ናቸው፣ ዋናው ኮምፒውተር አንድ ቦታ ነው፣ የስልክ መስመሩ ደግሞ ውድ ነው ይቆራረጣል። ኖርማን አብራምሰን የሚባሉ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቻቸው ታዲያ ለምን በሬዲዮ አናገናኘውም ብለው እ.ኤ.አ በ1971 አሎሃኔት የሚባለውን አስጀመሩ። ብዙ ተርሚናሎች አንድ ፍሪኩዌንሲ ይጋራሉ፣ ያለው ይልካል፣ ከሌላው ጋር ከተጋጨ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይልካል፣ በቃ ይሄው ነው ሐሳቡ። ይሄ ለራሳቸው ደሴት የተሰራ መፍትሄ በኋላ ኮምፒውተሮች በገመድ ለሚገናኙበት ለኢተርኔት መነሻ ሆነ፣ ለዋይፋይም። እንደውም ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ጥሪ ሊጀምር ሲል ታወሩን ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔ እዚህ አለሁ ቻናል ስጠኝ» የሚልበት መንገድ የዛው የአሎሃ ልጅ ነው፣ ሐሙስ ገበያ ላይ የሚጋጨውም አንዱ እሱ ነው። የእነሱ ችግር ባህር ነበር፣ የእኛ ኮረብታና ቡና ነው።

የፊንላንዷን ኡሉንም አስቡ። ዋና ከተማ አይደለችም፣ ወደ ሰሜን ዋልታ የተጠጋች ወደ 200 ሺህ ሰው ያላት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ እ.ኤ.አ በ1995 የዋየርለስ ኮሙኒኬሽን ማዕከል አቋቋመ፣ ዛሬ ከ5ጂ ቀጥሎ ስለሚመጣው ስለ 6ጂ ሲወራ ስሟ ከፊት ይነሳል፣ የመጀመሪያውን ትልቅ የ6ጂ የምርምር ፕሮግራም በ2018 የጀመሩት እነሱ ናቸው። ሁሉም ነገር ሄልሲንኪ ይሁን አላሉም። እኛ ጋ ግን ከአዲስ አበባ 350 ኪሎሜትር ከራቅክ ምርምር የሚባለው ነገር ለአንተ አይደለም የሚል ስሜት አለ፣ ይሄ ስሜት ከኛው ከራሳችን ውስጥ ነው መውጣት ያለበት።

ገንዘብ የለም እንደሚባል አውቃለሁ፣ ዶላሩ የት እንደደረሰም እናውቃለን፣ መለዋወጫ የምገዛው እኔ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ለዛ ነው በትንሹ እንጀምር የምለው። አውራ ጣት የምታክል ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ አርቲኤል ኤስዲአር የምትባል ተቀባይ አለች፣ መጀመሪያ ቴሌቪዥን ለማየት የተሰራች ናት፣ ዋጋዋ ውጭ አገር 30 ዶላር አካባቢ ነው፣ ከ24 ሜጋኸርዝ ጀምራ እስከ 1700 ድረስ ትሰማለች፣ ስለዚህ የ900ውን ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) በደንብ ታያለች። የሰማችውን ሲግናል የሚተነትነው ጂኤንዩ ሬዲዮ የሚባለው ሶፍትዌር በነፃ ነው። አስር ተማሪ፣ አስር እንደዚህ ያለ ተቀባይ፣ ያረጀ ላፕቶፕ፣ ጂፒኤስ ያለው ስልክ፣ ደብተር። ትልቁ ስፔክትረም አናላይዘር ላብ ውስጥ ሆኖ ትንንሾቹን ለማስተካከያ ይሁን፣ ትንንሾቹ ጭቃ ይንኩ። አንዷ ብትሰበር ማንም አይታሰር።

ግን እዚህም ላይ ችግር አለ። እኔ ራሴ ከዚህች ተቀባይ አንድ በዘመድ አስልኬ ነበር፣ መግቢያው ላይ ተያዘች፣ አንቴና ስላላት የመገናኛ መሳሪያ ናት ፈቃድ አምጣ ተባልኩ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው፣ ሌላው ወደ መጀመሪያው ሲልከኝ አራት ወር ሄደ፣ መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጬ ተውኳት። የአገር ደህንነት ጉዳይ መሆኑ ይገባኛል፣ ማንም ተነስቶ ሞገድ ይልቀቅ አልልም። ግን መስማትና መላክ ይለያያል። ይቺ ዕቃ ምንም አትልክም፣ የሲግናልን ጉልበት መለካት ደግሞ የሰውን ወሬ ማዳመጥ አይደለም፣ ወሬው በኮድ የተዘጋ ነው፣ የሚታየው ከፍታና ዝቅታው ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለዩኒቨርሲቲ ላቦች ለመለኪያ መሳሪያ የሚሆን አንድ ወጥ ፈቃድ ቢያዘጋጅ፣ በተወሰነ ቦታና ጉልበትም የሙከራ ፍሪኩዌንሲ ቢሰጥ፣ የብዙ ልጆች ዓመት ይተርፋል።

ፈቃዱ ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። አንድ ቀን እዛው ማና ውስጥ ስልኬን ከፍ አድርጌ ቡና መሃል ቆሜ ስጽፍ ሚሊሻው መጣ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ፣ በትህትና ነው የጠየቀኝ፣ «ምንድነው የምትለካው?» አለኝ። ኔትወርክ አልኩት። «ታወር ልትተክሉ ነው?» አለ። ከኋላው ሶስት አራት ሰው ተሰብስቧል፣ አንዷ እናት ታወር ከመጣ ቡናው ይደርቃል ሲባል ሰምቻለሁ አለች፣ አንዱ ጎልማሳ ደግሞ ካሳ ስንት ነው አለኝ፣ ሌላው ንቤ ይጠፋል አለ። ሁሉንም በአንዴ መመለስ አልቻልኩም፣ እኔ ማነኝ፣ አንድ ጠጋኝ ነኝ። ለ900 ሜጋኸርዝ ለሰው የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ወሰን በካሬ ሜትር 4.5 ዋት እንደሆነ አንብቤያለሁ፣ ግን እዛች እናት ፊት ቆሜ ይሄን ብላት ምን ይጠቅማታል? አንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድን መጥቶ ታወሩ ስር መሳሪያ አቁሞ፣ እሷ ራሷ ቁጥሩን እያየች፣ ይሄው እዚህ ነው ያለው ወሰኑ ደግሞ እዛ ነው ቢላት ግን ያ ሌላ ነገር ነው። ቡናው ከደረቀም በምን እንደደረቀ የግብርናው ልጅ አብሮ መጥቶ ይይላት፣ ሁለቱም እኮ ያሉት አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው።

ሚሊሻው በመጨረሻ የራሱን ስልክ አውጥቶ «የኔን እይልኝ» አለኝ። 109 ነበር። ሁለት እርምጃ ከዋንዛው ስር ወጣ ስንል 103 ሆነ፣ ሳቀ፣ ከዛ በኋላ ሲደወልለት ከዋንዛው ስር እየወጣ እንደሚያነሳ መልእክት ልኮልኛል።

ይሄ ሁሉ ለምን አስጨነቀህ የሚለኝ ሰው ካለ አክስቴን ልንገረው። አክስቴ ጎማ ውስጥ ትንሽ ቡና አላት። ህዳር ላይ የእሸት ቡና ዋጋ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም፣ የሚደውልላት ሰብሳቢ አለ፣ ቀኑን ሙሉ ሲደውል «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም» ይለዋል፣ አመሻሽ ላይ ሌላ ሰው መጥቶ ባለው ዋጋ ወሰደው። ቡና ከተለቀመ አያድርም፣ ያው ጀንፈል አድርገሽ አድርቂ ማለት ይቻላል፣ ግን የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ነገ ነው። ያንን ቀን በስልክ ስትነግረኝ እንኳን ሶስቴ ተቆረጠብን። እኔ የምትኖርበትን ቤት ቆርቆሮ አውቀዋለሁ፣ የጥላውን ዛፍ አውቀዋለሁ፣ ታወሩ የት እንዳለ አውቃለሁ፣ ቢለካ መፍትሄው ምናልባት አንዲት ውጭ የምትሰቀል አንቴና ወይም የታወሩን አንቴና ትንሽ ማዘንበል ይሆን ነበር። የት ሄጄ ለማን በምን ማስረጃ ልበል? የደንበኞች አገልግሎት ደውዬ «አክስቴ ጋ አይሰራም» ብል አካባቢው ሽፋን አለው ይሉኛል፣ ሲስተሙ ላይ ያለው ካርታ እንደዛ ስለሚል። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ቀንና ቦታ ያለው ልኬት ቢኖር ግን ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም የት ላይ ታወር ቢተክሉ የት ላይ ዝቅተኛ ባንድ ቢጠቀሙ እንደሚያዋጣቸው ያዩበታል፣ ለነሱም ትርፍ ነው።

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል የምለምነው፣ ለዩኒቨርሲቲው መምህራን፣ የምረቃ ፕሮጀክት ስትሰጡ ከአስሩ ሁለቱ እንኳን ሜዳ ላይ የሚለካ ይሁን፣ ክረምት አንዴ በጋ አንዴ፣ እዛው ቦታ ተመልሶ። ለኩባንያዎቹ፣ የታወሮቹን ቦታና ቁመት ለላቡ ስጡ፣ ያለሱ ልኬቱ ግማሽ ነው። ለከተማው የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችም በሩ ይከፈት፣ መበየድና መፍታት እነሱ ያውቃሉ፣ የኢንጂነሪንጉ ልጅ ሂሳቡን ያውቃል፣ ሲገናኙ ነው አንቴና የሚሰራው። መብራት ሲጠፋ ላቡ እንዳይዘጋ ባትሪና ሶላር ይታሰብበት፣ ይሄን ጅማ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እኔ ያለኝን ልስጥ። ከዛ እሁድ ጀምሮ በየሄድኩበት የምጽፍበት አንድ ባለ ካሬ ደብተር አለኝ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ዝናብ አለ የለም፣ ዛፉ ምን እንደሆነ፣ ቁጥሩ። 61 መስመር ሞልቷል። ሁሉም በአንድ ስልክ ነው የተለካው፣ ስለዚህ ሳይንስ ነው አልልም፣ ግን የት እንደሚጀመር ያሳያል። ላብ ያለው መምህር ወይም ተማሪ ደብተሩን ከፈለገ ሱቄ መጥቶ ፎቶ ያንሳው፣ እሁድ እሁድ ደግሞ ሥራ የለኝም፣ መንገዱን አሳያለሁ። አባባን ጠይቄያቸዋለሁ፣ ቤታቸው ውስጥ መሳሪያ ቢተከል ፈቃደኛ ናቸው፣ ምስማሩን ብቻ እንዳትነቅሉብኝ ብለዋል።

ከአክብሮት ጋር
የሞባይል ጥገና ባለሙያ
ጅማ፣ መርካቶ